እንሺራህ የሳቀችው ሳቅ

…እና ይቺ ናት ወፍራም፣ ይቺ፣ ትራስ እኮ ነው የለበሰችው፣ ሠላሳ ዓመት ልኳንዳ ቤት የቆመችው፣ ደንበኛው ሁሉ ሙዓሊማ፣ እመቤት የሚላት እንሺራህ ሥጋና ትራስ መለየት አያቅታትም፣ እውነተኛ ሥጋ ባለቤቱ ሲራመድ አብሮ ይራመዳል፣ የዚችኛዋ ዳሌ ግን እሷ ካይሮ ስትገባ እሱ ገና ታንታ ነው፣ ወይኔ፣ ይህን ፊልም የሠራውን ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ መንጠቆዋ ላይ ቢሰቅሉላት፣ በቁርጭምጭሚቱ፣ ቁልቁል፣ እንደ ጠዋቱ ወይፈን፣ ከእምብርቱ ትጀምርና ቀስ ብላ፣ ቢስሚላህ ሳትል፣ ድመት እንኳ እንዳይበላው።

አረፋ ነው ዛሬ። ከሶላት እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ በሬ ጥላለች፣ ለሰው ስታወራ አርባ ይሆናል፣ አሥራ አንደኛው ገና እየተንፈራገጠ ሳለ ነው ልጇ ሹሩቅ ደረጃው ላይ ቆማ እሺ፣ ሲኒማ እንሂድ ያለቻት፣ እሺ፣ ከስድስት ወር በኋላ እሺ፣ እንሺራህም ልጅቷ ሐሳቧን ሳትለውጥ ብላ ቢላዋውን ወረወረችው፣ በደም የራሰውን የሥራ ቀሚስ ሳታወልቅ ጥቁሩን አባያ ከላይ ደረበችበት፣ እጇን ታጠበች፣ እጅጌውን ማን ያስታውሳል፣ ይኸው አሁንም ክንዷ ላይ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ይሽተት፣ በአረፋ ቀን ታንታ ውስጥ ደም የማይሸት ማን አለ።

ስድስት ወር። አንዷ የክፍል ጓደኛዋ ሹሩቅን ከተሰቀለ በሬ አጠገብ ፎቶ አነሣቻትና በሬው የቱ ነው ብላ ጻፈችበት፣ ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ፣ የዚያች ልጅ እጅ፣ በአጥንት መጥረቢያ፣ ከአንጓው ላይ፣ አንድ ምት ይበቃል፣ ከዚያ ወዲህ ሹሩቅ ከቤት አልወጣችም፣ በቀን አንድ ኪያር፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየመጣ፣ ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች፣ ዶክተሩ እናቲቱን ጥግ አስይዞ ልቧ እየደከመ ነው፣ ካልበላች ይቆማል አላት፣ እንሺራህ ዶክተሩን ልታንቀው ምንም አልቀራት፣ ምን አደረገ ዶክተሩ፣ ምንም፣ ቅርብ ስለነበረ ነው። ብዪ። ብዪ ልጄ፣ ጉበት ጠብሼልሻለሁ፣ ብዪ ወይ እኔን ግደይኝ፣ በቀን መቶ ጊዜ ብዪ፣ ግድግዳው ቢሰማ ኖሮ ግድግዳው ይበላ ነበር።

ከዚያ ይኼ ፊልም መጣ። መቶ ኪሎ ውበት። ማስታወቂያው ላይ ወፍራሟ ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ ነኝ፣ ምን ትሆኑ ትላለች፣ ሹሩቅ ስልኳ ላይ ሦስት ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ፈገግ፣ ወላሂ ፈገግ አለች፣ ልውሰድሽ አለቻት እንሺራህ፣ ዶክተር ያቃተውን ፊልም ያድነው ይሆናል ብላ፣ ይኸው መጣች፣ ይኸው ትራስ።

ሸራው ላይ ትራሷ ለእጮኛዋ ቤተሰብ ልትታይ ሄዳለች። ተቀመጪ ይሏታል፣ ትቀመጣለች፣ ወንበሩ አራት እግሩን በአራት አቅጣጫ ይበትናል፣ ሴትዮዋ እግሯን ወደ ሰማይ፣ ሻዩ ከነብርጭቆው ጭንቅላቷ ላይ፣ ያን ጊዜ አንድ ሳቅ አዳራሹን ይገምሰዋል፣ ጣሪያ አንሥቶ መልሶ የሚያስቀምጥ ሳቅ፣ ማነው ይኼ አህያ ብላ እንሺራህ ዞር ትላለች፣ ማንም የለም፣ ከራሷ አፍ ነው የወጣው።

አዳራሹ ተከተላት፣ አምስት መቶ ሰው በሷ ሳቅ ላይ ተሳፈረ፣ ሹሩቅ ብቻ ፊቷን ከሸራው መልሳ አየቻት። ጣቶቿ መሀል አንዲት የዱባ ፍሬ ይዛ ነበር፣ ተፈልፍላ ያለቀች፣ ከንፈሯ ጋ የደረሰች፣ ወደ ከረጢቱ መለሰቻት።

አልሳቅኩም፣ ሳል ነው፣ ኧረ ሳቅሽ፣ እንደ ጅብ ነው የሳቅሽው፣ ይቺን ምላስ ከሥሯ፣ ከጉሮሮ በኩል ቆርጦ ማውጣት ነው፣ የበሬ ምላስ እንደሚወጣው፣ የአንድ ሰው ደም መፍሰስ አለበት ዛሬ፣ የማንም ይሁን፣ ብቻ ይፍሰስ። ሸራው ላይ ትራሷ ትሮጣለች፣ በዘፈን ትሮጣለች፣ በየዘፈኑ ትራስ ትቀንሳለች፣ ሰባት ዘፈን፣ ከዚያ ሸንበቆ ሆና በሙሽራ ልብስ ብቅ ትልና አሁን ራሴን ወደድኩ ትላለች፣ አሁን፣ አሁን ነው የወደድሽው፣ ከከሳሽ በኋላማ የማንም እናት ትወድሻለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከኋላቸው ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ አዲስ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ወደ ሹሩቅ ጆሮ ጎንበስ ይላል፣ አይዞሽ የኔ እኅት፣ ተስፋ አለሽ፣ ሰባት ዘፈን መሮጥ ብቻ ነው።

ቢስሚላህ።

በወንበሩ ላይ እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም፣ ኮሌታውን ይዛዋለች፣ እግሩ መሬት አይነካም፣ አንድ ጥፊ፣ የአባቱን ስም የሚያስረሳ፣ አንድ በግንባር፣ አፍንጫው እንደ ኦቾሎኒ ቀጭ ይላል፣ ኧረ ሙዓሊማ፣ ኧረ በነቢዩ፣ ቀልዴን ነው፣ ቀልድ፣ እኔም ቀልዴን ነው፣ ይኼም ቀልድ ነው፣ ይኼኛውስ፣ ሳቅ እንጂ፣ አንዱ የስልኩን መብራት ያበራል፣ የእንሺራህ እጅጌ የአሥራ አንድ በሬ ደም በነጩ ሸሚዝ ላይ ከአንገት እስከ ቀበቶ ጨምቆታል፣ አረደችው! የሕዝብ ያለህ! ሙዓሊማዋ ሰው አረደች! ሴቶች በወንዶች ላይ ይረማመዳሉ፣ ሰውዬው ቁልቁል ደረቱን ያያል፣ ሞቻለሁ እንዴ ይላል፣ በጣም በትሕትና፣ ከዚያ እውነትም እንደ ሬሳ ክንዷ ላይ ይዘረጋል፣ የበሬ ነው! የበሬ ደም ነው እናንተ ደንቆሮዎች! ማን ሰምቷት፣ እሷ ራሷም አልሰማችውም፣ እጇ አልቆመም፣ የተዘረጋውን ሰውዬ ትመታለች፣ አፉን፣ አፉን ብቻ፣ ሳቅ የሚወጣበትን።

እማ በቃሽ።

መብራቱ በርቷል። ሹሩቅ ቆማለች፣ ስድስት ወር ሙሉ መጋረጃ ጀርባ ያደረገችውን ገላ አምስት መቶ ሰው እያያት ቆማለች፣ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። እሱ ካንቺ በኋላ ነው የሳቀው።

እንሺራህ ጣቶቿን ከፈተች። ሰውዬው ወደቀ፣ ይውደቅ።

ውጪ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ትኬት ቆራጩ ፖሊስ ጠርቻለሁ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ ይላል፣ በሩቁ ሆኖ፣ ማን ይቀርባታል፣ እናትና ልጅ የሲኒማ ቤቱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እጅጌዋ እየደረቀ ይገተራል፣ ሹሩቅ አታያትም። ምኑ ነው ያሳቀሽ?

ምኑ፣ ምንም፣ ሰው ሲስቅ ነው የሳቅኩት፣ ውሸት፣ ቀድመሽ ነው የሳቅሽው፣ ሁሌም ቀድመሽ ነው፣ ንገሪያታ፣ ለሚዛን ደንበኛ መቶ ውሸት የምትደረድሪው ሴትዮ አሁን አንድ እውነት ያንቅሽ። ወንበሩ፣ አለች። የሠርጌ ቀን፣ የሙሽሮቹ ወንበር፣ ወርቅ የተቀባው፣ ከሥሬ ተሰበረ። አማቴ ነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ነበር፣ ሙዚቀኞቹ መንፋት አቆሙ፣ አባትሽ፣ አላህ ይማረው፣ ከንፈሩን ነክሶ ነበር፣ ሊፈነዳ፣ አየሁት፣ እና ቀደምኳቸው፣ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋሁ ሳቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮኼ ሳቅኩ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር በተሰበረ ቁጥር አፌ እኔን አይጠይቀኝም።

ከታች መንገድ ላይ ሰዎች ለበዓሉ የደረሳቸውን ሥጋ በፌስታል አንጠልጥለው ያልፋሉ። ብዪ የሚለው ቃል እንደ ልማዱ የእንሺራህ ምላስ ላይ መጣ፣ ልጄ ብዪ፣ በናትሽ ብዪ፣ ጥርሷን ነክሳ መለሰችው፣ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አሞሽ ነበር? አለች ሹሩቅ።

እንዴ። ሃያ ዓመት። ባሏ ሐናፊ አልጠየቃት፣ እናቷ አልጠየቀቻት፣ እሷም ራሷን፣ ወገቤን ትንሽ ልትል አፏን ከፈተች፣ ሳቁ ሊመጣ ተነሣ፣ ጉሮሮዋ ጋ ደረሰ፣ እዚያው አነቀችው፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ወይፈን፣ እስኪዝል፣ በጣም፣ አለች፣ ልጄ፣ በጣም ነው ያመመኝ።