ከማሩ ወደ አልጋው

በዚህ ዓለም ላይ የምጠላው ነገር ብዙ ነው፤ ጉንዳንን ግን ከሁሉም አስበልጬ እጠላለሁ። ሌባ እንኳ በር ሲዘጋበት ይመለሳል። ጉንዳን የት አባቱ ይመለሳል! ከመስኮቱ ስር ባለችው ስንጥቅ ይገባል፣ ግድግዳውን ይወርዳል፣ የኩሽናዬን መደርደሪያ ይወጣና የአማቼን ማር ይከባል። ኮምጣጤ ረጨሁ። አመድ ነሰነስኩ። ስንጥቁን በሳሙና ደፈንኩት። በሌላ በኩል ዞረው መጡ።

«አንቺ እኮ ትሳደቢያለሽ እንጂ አትዋጊም» አሉኝ አማቼ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመው እየሳቁ። «ጉንዳን ስድብ አይሰማም። አራት ጣሳ አምጪ።»

አማቼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን አደብዝዞ እግራቸውን ካደነዘዘው ወዲህ ቀፎዎቻቸውን ትተው እኛ ዘንድ ገቡ። ከመጨረሻው ቆረጣ የተረፈውን ማር በሦስት ማሰሮ ይዘው ነው የመጡት። የማሰሮዎቹን አፍ በቀለጠ ሰም ዙሪያውን አትመው፣ ሰሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣታቸው ተጭነውታል። ከውጭ የተንጠባጠበው ግን ለጉንዳን በቂ ነበር። ራሳቸው እንዳይቀምሱት ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ቢሆንም ማሩ ከዓይናቸው እንዲርቅ አይፈልጉም።

የመደርደሪያውን አራት እግሮች አራቱ ጣሳ ውስጥ አቆምን፣ ውሃ ሞላንባቸው። አማቼ ቀፎዎቻቸውን ከጉንዳን ሲጠብቁ የኖሩት እንዲህ ነበር። ጉንዳኖቹ እስከ ጣሳው ከንፈር እየመጡ ተመለሱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጭራሽ ጠፉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

አንድ ጠዋት የአማቼን አንሶላ ልቀይር ስገባ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር በአልጋው እግር ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። መስመሩ በብርድ ልብሱ ስር ገብቶ ካልሲያቸው ላይ ያልቃል። እጄን ስዘረጋ እግራቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አንገታቸውን ደፉ። «ማር ሰርቄ ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«አንቺ ገበያ ስትሄጂ ገብቼ በጣቴ ቀመስኩ። ስመለስ ሳይንጠባጠብብኝ አልቀረም። ምን ላድርግ ልጄ፣ ማር ቆራጭ ጣቱን ሳይልስ ያድራል?»

ያን ቀን ያልተናገርኳቸው ነገር የለም። ሐኪም ያለውን አስታወስኳቸው፣ ሞት ነው የሚልሱት አልኳቸው። እሳቸው እንደ ሕፃን «አይለምደኝም፣ አይለምደኝም» እያሉ ይስቃሉ። ካልሲውን ያውልቁና ልጠበው ስላቸው ግን ሳቁ ቆመ። «ምራት እግሬን አታይም። ራሴ አጥበዋለሁ።» ገና ከመጡ ጀምሮ በዚህ ነገር ድርቅ ያሉ ስለሆኑ አልገፋሁም።

ማታ ልጃቸውን ጠሩት። ባሌ በያጅ ነው፤ እጁ ብረት ላይ ካረፈ የማይሠራው ነገር የለም። ጉንዳን እንቅልፍ ነሳኝ፣ አልጋዬንም እንደ መደርደሪያው አድርግልኝ አሉት። ውሃ ይበቃል ስል «ውሃ ይደርቃል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሁን» አሉ። ባሌ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምኖ አመጣ። ከወፍራም ብረት አራት ድስት የሚያህሉ ነገሮች በየደ፣ አልጋውን ብቻውን አንስቶ አቆመበት፣ ዘይቱን ሞላው። አባቱ ሲመርቁት አመሹ።

ጉንዳኑ ጠፋ። ክፍሉ ግን ጋራዥ ጋራዥ ይሸት ጀመር። ስነጫነጭ «ዘይቱ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል። ምግብ መተው ጀመሩ። ቀን ቀን ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ማሩ ነው የጎዳቸው ብዬ ለባሌ ነገርኩት፤ እሱም ተቆጣቸው። ኋላ ሳስበው፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ባሌን ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተዘጋ። ማር በሙቅ ውሃ ልሰጠው ቢላ ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። አማቼ የከፈቱትን ማሰሮ ፈለግሁ። የመጀመሪያው ሰሙ እንዳለ ነው። ሁለተኛውም እንዳለ ነው። ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄጄ አዟዟርኩት። ያ አውራ ጣታቸው ያተመው ሰም፣ ከነጣታቸው መስመር፣ የነካው ሰው የለም።

ቢላውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ማር ካልቀመሱ ጉንዳኖቹ አልጋቸው ላይ ምን ፈልገው ነው የወጡት?

ሮጬ ገባሁና ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። ሊከላከሉኝ ሞከሩ፤ እጃቸው ጉልበት አልነበረውም። ካልሲው ከሥጋቸው ጋር ተጣብቋል። ስልጠው ሽታው ከዘይቱ በላይ ወጣ። ሁለቱ ጣቶች ከስለዋል፣ ውስጥ እግራቸው ተከፍቷል፣ ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ሽቅብ ይሄዳል።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እግሬ አልነገረኝም፤ እሱ ከሞተ ቆይቷል። ጉንዳኖቹ ናቸው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«ማር ሰረቅኩ ብልሽ ትቆጪኛለሽ። እግሬ ነው ብልሽ ሆስፒታል ትወስጂኛለሽ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «ወንድሜን ጣቱ ብቻ ነው ብለው ወሰዱት። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ። ከዚያ ጉልበቱ። ቆራርጠን ነው የቀበርነው ልጄ። እባክሽ ለልጄ አትንገሪው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የደበቀውን ሰው የሚወዱትስ ምን ይዋጣቸው? ተናደድኩባቸው፤ እያለቀስኩ ተናደድኩባቸው። መልስ ሳልሰጣቸው ባሌን በጩኸት ጠራሁት።

ባሌ አባቱን በጀርባው አዝሎ እስከ ጎረቤታችን መኪና ወሰዳቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ እግራቸውን አይታ እኛን ቀና ብላ አየችን። መርዙ ደም ውስጥ ገብቷል አለች። ጣቱ ላይ ሳለ ቢመጡ ኖሮ ጣቱን ቆርጠን እንመልሳቸው ነበር አለች። አሁን የሚቆረጠው ከጭን ነው፤ እሱንም ከቻሉት። ማደንዘዣው ሳይደርስ አረፉ። እንደተመኙት ከሁለት እግራቸው ጋር ሄዱ፤ እኔ ግን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ባሌ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማር ባይሰርቅ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ማሰሮዎቹ እንዳልተነኩ አልነገርኩትም። «አባቴ እኮ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «ልጅ ሆኜም፣ ሥራ ይዤም። አንድ ቀን ብቻ ጠየቀኝ፤ ጉንዳን እንቅልፍ ነሳኝ አለኝ። እሱን እንኳ አላሳፈርኩትም። አንድ ጉንዳን አላለፈም አይደል?»

ፊቱን አየሁት። መልሴን ይጠብቃል።

«አንድም አላለፈም» አልኩት።