የምመጣው ገና ነው

«ወንበር ልቀቁለት! ልጁ ከነበረበት አገር የመጣ ነው!» አለች ሬዲዮ።

ሬዲዮ የጎረቤቲቱ ቅጽል ስም ነው፤ ወሬ ከባለቤቱ ቀድማ ስለምታወራ ሰፈሩ ያወጣላት። ለቅሶው በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናትየዋ ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች። በሩ ላይ የቆመውን ወጣት ከማየቷ በፊት በእጁ የያዘውን ሻንጣ አየች። ራሷ ገዝታ፣ ራሷ የሸከፈችው የልጇ ሻንጣ ነው።

«እማማ፣ አብሬው የማገለግል ነኝ» አለ ወጣቱ። «አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው።»

ከዚህ በላይ አልቻለም። ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ቤቱም አብሮት አለቀሰ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚለቀስበት ሬሳ አልነበረም። ሚስዮናዊው ልጅ በሰው አገር ታሞ፣ ለገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀር ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ከሻንጣው ሌላ የመጣ ነገር የለም።

ሻይ ተቀዳ። ወጣቱ ረጋ ሲል ሰዎች ከበቡት። «እስቲ አጫውተን፤ እንዴት ነበር ኑሮው?»

«ክፍላችን ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ነበረች» አለ። «መስኮቷ አይገጥምም፤ ጋዜጣ እንወትፍበታለን። የገና ሰሞን ከቤት ቤት እየዞርን ሰው ለፕሮግራም እንጠራለን። ብዙው ሰው ገርበብ አድርጎ አይቶን መልሶ ይዘጋል። አንድ ቀን እሱ 'እንኳን ለልደቱ አደረስዎ' እላለሁ ብሎ በቋንቋቸው አንዲት ድምፅ ሳተና፣ 'እንኳን ለሾርባው አደረስዎ' አላቸው አንዲትን አሮጊት።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ሬዲዮ።

«አሮጊቷ በሳቅ ፈርሰው አስገቡን፤ ሾርባም ሰጡን። ከዚያ በኋላ እያወቀ ነበር የሚሳሳተው። 'በልደት ያልተከፈተ በር በሾርባ ይከፈታል' ይለኛል። 'ዘንድሮ እኔና እናቴ አንድ ክፍል ነን፤ ሁለታችንም ፊደል ቆጣሪ' እያለ ይስቃል።»

ለቀስተኛው በእንባው መሀል ሳቀ። እናትየዋም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

እውነቱን ነው፤ ተማሪ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ ከሰዓት ከጎልማሶች ጋር ትማራለች። ልጇ በየእሁዱ ይደውልላት ነበር። ፊደል የጨረሰች ሰሞን ግን፣ «ከእንግዲህ አትደውል፤ ጻፍልኝ» አለችው።

«ምነው እማ፣ ድምፄ ሰለቸሽ?»

«ድምፅህስ አይሰለቸኝም፤ ስንፍናዬ ነው የሰለቸኝ። አንተ ከደወልክ እኔ መቼ አነባለሁ?»

ልጅ ታዘዘ። ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ መተኮሻው ዘንድ ቆማ ሳለች መልእክት ገባላት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበች፦ «እማ፣ ትንሽ አሞኛል፤ አታስቢ። የምመጣው ገና ነው።»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። «ልጄ ለገና ሊመጣ ነው!» ብላ በማሽኖቹ ጩኸት ላይ ጮኸች። የምሳ ሰዓቷን በሙሉ ፈጅታ መልስ ጻፈች፦ «ደስ ብሎኛል። ጎበዝ።» የዚያኑ ሳምንት ክፍሉን ቀለም አስቀባች። ሲመጣ በድንገት ይየው ብላ ስለ ክፍሉ አልጻፈችለትም። እሱም ከዚያ ወዲያ «ደህና ነኝ እማ» ከማለት በቀር የጻፈላት የለም።

«ሕመሙስ?» ብሎ ከለቀስተኛው አንዱ ወጣቱን ጠየቀው።

«ሳንባው ነበር» አለ ወጣቱ። «የላከን ማኅበር፣ 'አገርህ ገብተህ ታከም፣ እናትህ ዘንድ አገግም' አለው። ቲኬት ሊቆርጡለት ነበር። እሱ ግን 'ሥራውን ጀምሬ እንዴት ልተው?' እያለ አመነታ። በኋላ 'ቶሎ እንደማልመጣ ለእናቴ ልጻፍላት፤ ና ካለችኝ እሄዳለሁ' አለ።» ወደ እናትየዋ ዞረ። «እርስዎም 'ደስ ብሎኛል፣ ጎበዝ' ብለው መለሱለት። ስልኩን ለሁላችን አሳየን። 'አያችሁ እናቴን? ለወንጌል ስትል ጨከነች' አለ። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም። በቃ፣ ቀረ።»



«እናት እንዲህ ናት እንጂ!» አለች ሬዲዮ ደረቷን እየመታች። «እኔ ብሆን እሪ ብዬ ነበር የምጠራው። አንቺስ አንጀትሽ ብረት ነው!»

«ብረት ናት» አሉ ሌሎቹም። «ጀግና እናት።»

እናትየዋ ከትራሱ ሥር ስልኳን አወጣችና አጠገቧ ወደተቀመጠችው የፊደል መምህርቷ ጠጋ አለች። «መምህርት፣ ይችን የልጄን መልእክት አንብቢልኝ» አለች በሹክሹክታ።

መምህርቷ ማንበብ ጀመረች፤ «ገና» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ክፍል ውስጥ ይህችኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ «ፊደሉ አንድ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው» ብላ አስተምራለች። እናትየዋም ያን ቀን ከሁሉ ቀድማ እጇን አውጥታ መልሳለች። የልጇ መልእክት ሲመጣ ግን ልቧ ነው ቃሉን ያጠበቀው።

«የምመጣው ገና ነው» አለች መምህርቷ፣ «ና»ን ረገጥ አድርጋ። «በዓሉን ማለቱ ነው። ልክ ነው ያነበቡት፣ እናቴ።»

ይህች መምህርት ለአንዲት ነጥብ እንኳ ምሕረት የላትም። ስህተትን ልክ ነው ብላ አታውቅም።

«አላልተሽ አንብቢው።»

«እናቴ፣ ይተዉት...»

«አላልተሽ።»

የመምህርቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ስልኩን አጥፍታ የእናትየዋን እጅ ያዘች።

ወጣቱ በማግስቱ ተመላሽ ነበርና ካፖርቱን ደርቦ ተነሣ። እናትየዋ ሰዎች እየከለከሏት እስከ በሩ ሸኘችው።

«እማማ፣ የእርስዎን ብርታት እዚያ ላሉት ሁሉ እነግራለሁ» አላት።

«እኔ እኮ...» አለች።

«አቤት እማማ?»

አየችው። ዓይኑ አብጧል፤ ይዞት የሚሄደው ነገር ቢኖር ይህችው አንዲት ወሬ ናት። የጀመረችውን ተወችው።

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ትደውልላታለህ?»

«እጽፍላታለሁ። መደወሉ ሥራ ይበዛና...»

«ደውልላት» አለች። «ስትስል ትስማህ።»

ጎንበስ ብላ የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። አገጩ ሥር ያለችውን የመጨረሻዋን ስትቆልፍ ወጣቱ ሊሄድ አንድ እግሩን አነሣ። እጆቿ ግን ኮሌታውን አልለቀቁም።