ሦስት ቦታ የተረጋገጠ ወሬ

የውሃ ላቦራቶሪያችን ሾፌር ሥራ ከመንዳት ይልቅ መጠበቅ ይበዛዋል። እኔ ከቧንቧ ናሙና ቀድቼ፣ ጠርሙሶቹ ላይ ሰዓትና ቁጥር ጽፌ እስክመለስ፣ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አሳርፎ ስልኩን ያነባል። ገና ከመግባቴ፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት፣ ያገኘውን ይነግረኛል። ከየማሳው የተረፈውን እንደሚለቅም ሰው ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ «ቃርሚያ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙን ወዶታል።

«እመቤቴ፣ ዎምባት የሚባል እንስሳ አለ። እዳሪው ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ገና ቁርሴን መብላቴ ነው።»

«ባለ አራት ማዕዘን! ልክ እንደ ስኳር ቁራጭ። አናጢው ዕድሜውን ሙሉ በመጋዝ የሚታገልበትን፣ እሱ በአንጀቱ ጨረሰው እኮ!»

ለረጅም ጊዜ እስቅለት ነበር እንጂ አላምነውም ነበር። ሙያዬ ያልተለካ ነገር እንዳልቀበል አድርጎኛል። አንድ ቀን ጎማ ሊቀይር ሲወርድ ያነበበውን የሚመዘግብበትን ደብተር መቀመጫው ላይ ጥሎት ሄደ። የሰው ደብተር መክፈት ነውር መሆኑን እያወቅኩ ከፈትኩት።

እያንዳንዱ ወሬ ተራ ቁጥር፣ ቀንና የተነበበበት ቦታ ተጽፎለታል። ከሥሩ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ያንኑ ነገር ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቦታ ሲያገኘው ምልክት ያደርጋል። «ከዝናብ በኋላ የሚሸተውን የአፈር ሽታ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው» የሚለው ሦስቱም ሳጥን ሞልቶለታል። ከሱ ቀጥሎ፣ የሰው አፍንጫ ያንን ሽታ የሚለየው ሻርክ ደምን ከሚለየው በበለጠ ነው የሚል ነበር። አንድ ምልክት ብቻ። ከጎኑ፦ «ብዙ ቦታ አለ፤ ግን ሁሉም ከአንድ የቀዱት ይመስላል። አይወራም።»

ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ዲግሪ ይዘው መጥተው ብዙ ምንጭን ከተደጋገመ አንድ ምንጭ መለየትን ለማስተማር ዓመት የፈጁብኝ ሰዎች አሉ። እሱን ማንም አላስተማረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነግረኝን ጆሮዬን ሰጥቼ ማዳመጥ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ጫፍ አዲስ የውሃ መስመር ተዘርግቶ ነበር። አሥራ አንድ ቧንቧ አለው። ሕዝብ ሳይጠጣው መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። ከአሥራ አንዱም የቀዳሁት ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ሲያድር አረንጓዴ ቀለም የሚያወጣ ባክቴሪያ አበቀለ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ጉዳዩ ሐሙስ በኮሚቴ እንዲታይ ተቀጠረ። ሪፖርቴ ከጸና መስመሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ የዘረጋው የቧንቧ ሠራተኞች አለቃም የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል።

አለቃው ሰኞ ጠዋት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ላቦራቶሪ መጣ።

«እህቴ፣ ልጆቼን ይንሳኝ፣ ሁለት ጊዜ በክሎሪን አጥቤዋለሁ።»

«እኔ ሳህኑ ያሳየኝን ነው የጻፍኩት።»

«እስቲ ሳህንሽን ጠይቂው! እኔ ሠላሳ ዓመት ቱቦ ስገጥም እሱ የት ነበር? በዚህ ዕድሜዬ ፈቃዴን ቀምታችሁኝ ምን ልሁን? የሰው በር ልጠብቅ?»

አንጀቴን በላው። ቢሆንም ማስረጃዬ የጸና መሰለኝ። የኔን ስህተት ለመያዝ በየቧንቧው አጠገብ ንጹሕ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ከፍቼ እዘጋለሁ። አየሩ ወይም እጄ ቆሻሻ ቢያስገባ እሱም ይበላሻል። አንዱም አልተበላሸም።

የዚያኑ ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ቀድቼ ስንመለስ ሾፌሩ አመነታ፤ ከዚያ ጀመረ።

«ይቺን ሦስት ቦታ አይቻታለሁ። አንድ አገር ፖሊስ አንዲትን ሴት ለዓመታት ፈለገ። ግድያ ቦታ የሰውነቷ ዱካ፣ ዲ ኤን ኤ የሚሉት፣ አለ። የተዘረፈ ቤት ሄደው እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ያብሳሉ፤ እዚያም አለች። አርባ ገደማ ቦታ!»

«አልያዟትም?»

«አገኟት። ጥጡን ፋብሪካ ውስጥ የምታሽገው ሴትዮ ናት! ምንም የማታውቅ ምስኪን። ዱካዋን ይዘውላት የሚዞሩት ራሳቸው ፖሊሶቹ ነበሩ።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀና ቶሎ ብሎ፣ «አንቺን ማለቴ አይደለም እመቤቴ፤ አንቺማ እጅሽን ስትታጠቢ ሳሙናው ነው የሚደክመው» አለ።

ያን ጊዜ ጭኔ ላይ ያለውን የጥጥ ብልቃጥ አየሁት።

የድሮዎቹ መስመሮች ቧንቧ ብረት ስለሆነ ከመቅዳቴ በፊት አፉን በእሳት እለበልባለሁ። የአዲሱ መስመር ቧንቧ ግን ፕላስቲክ ነው፤ እሳት ያቀልጠዋል። ስለዚህ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ በተነከረ ጥጥ ሦስት ጊዜ እጠርገዋለሁ። ጥጡ የሚቀመጠው በዚህ ብልቃጥ ነው። ሲጎድል ጥጥ እጨምራለሁ፣ ፈሳሽ እጨምራለሁ። ብክነት ስለማልወድ አንድም ቀን ገልብጬ አጥቤው አላውቅም። ለላቦራቶሪው ጠረጴዛ መጥረጊያ ካዘጋጀሁት አራት ወር ሆኖታል። ጥጥ የፈሳሹን ኃይል እንደሚያደክም፣ በደከመ ፈሳሽ ውስጥም ተደላድለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ያ የምመካበት ንጹሕ ጠርሙስ ደግሞ ጥጡን ነክቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ መኪናውን አቁመው።»

«ምን ረሳሽ?»

ነገርኩት።

ላቦራቶሪ ሄደን አዲስ ጥጥና አዲስ ፈሳሽ አዘጋጀሁ። ከሰዓት በኋላ ከእያንዳንዱ ቧንቧ ሁለት ጠርሙስ ቀዳሁ፤ መጀመሪያ አፉን በአዲሱ ጥጥ ጠርጌ፣ ቀጥሎ በብልቃጡ። ቁጥር ልጽፍ ብዕር ሳወጣ እጄን ያዘኝ።

«እኔ ልጻፍ። የትኛው በየትኛው እንደተጠረገ አንቺ አትወቂ። ስታነቢው ልብሽ ያዳላል።»

«ይኼንንስ ከየት አመጣኸው?»

«መድኃኒት እንዲህ ነው የሚሞከረው ይላሉ። ሦስት ቦታ።»

ሃያ ሁለቱን ጠርሙሶች ቀላቅሎ ቁጥር ሰጣቸው፤ የትኛው ቁጥር በምን እንደተጠረገ የጻፈበትን መፍቻ ወረቀት ኪሱ ከተተው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሱ የበለጠ የኮራሁበት የሥራ ባልደረባ አልነበረኝም።

ረቡዕ ሳህኖቹን ደርድሬ ቁጥር ስጠራ እሱ ከወረቀቱ ያነብ ነበር።

«አራት፤ አረንጓዴ።»

«ብልቃጥ።»

«አምስት፤ ንጹሕ።»

«አዲሱ ጥጥ።»

እስከ ሃያ ሁለት አንድም አልተዛነፈም። አሥራ አንዱ አረንጓዴ ሁሉ የብልቃጡ ነበር። የአለቃው መስመር ንጹሕ ነው።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አልኩት።

አልሳቀም። «ነገ ምን ልትዪ ነው?»

እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል መንገድ ታይቶኝ ነበር። «ናሙናው ተደግሞ ንጹሕ ሆኗል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ውሸት የለበትም፤ ፈቃዱ ይተርፋል፣ ስሜም ይተርፋል። ይህንኑ ነገርኩት።

«ሰዉ ግን ሲይዙት ሮጦ አጠበው ነው የሚለው» አለ ሾፌሩ። «ፈቃዱን ይዞ ስሙን ያጣል።»

ሐሙስ ብልቃጡን የኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ተናገርኩ። የብረትና የፕላስቲክ ቧንቧውን፣ አራቱን ወር፣ ሃያ ሁለቱን ሳህን። መፍቻውን የያዘው ሾፌሩ መሆኑን፣ ፍንጩም ከሱ ንባብ መምጣቱን ጨመርኩ፤ በሩ አጠገብ የቆመው ቃርሚያ መሬት መሬት አየ። ሰብሳቢው ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ፣ መስመሩም ዛሬውኑ እንዲከፈት ወሰነ።

አለቃው ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ጎንበስ ብሎ ብልቃጡን አገላብጦ አየ።

«ይቺ ናት እኔን ልትበላኝ የነበረችው?»

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ደጅ ስንወጣ ተከተልኩት።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አላየሁም፣ እህቴ።» ባርኔጣውን አጠለቀ። «ይቅርታሽን ሌላ ቀን እቀበልሻለሁ። ዛሬ ውሃ እለቃለሁ።»

ወደ ሾፌሩ ዞሮ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሠራተኞቹ ደወለ፤ ድምፁ ከግቢው አጥር አልፎ ይሰማ ነበር፦

«አካፋውን ተዉትና ቁልፉን አምጡ! የምን ቆፍረን እናውጣ? ክፈቱት!»