ከልካይ ያጣ ሞተረኛ

ሰውየው ሞተሩን ለመተው በሆዱ ከወሰነ ሰንብቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚከለክለው ሰው። እሱ ደግሞ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራው የፎቶኮፒ ማሽን መጠገን ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ሲል፣ ወይም ነጩን ወረቀት አጥቁሮ ሲተፋ፣ ጸሐፊዋ ለሰውየው አለቃ ትደውላለች፤ አለቃው ለእሱ ይደውላል። እሱም የመሣሪያ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ ይከንፋል። መኪና በተኮለኮለበት መንገድ መሀል ለመሀል ይሾልክና፣ ጸሐፊዋ ስልኩን ዘግታ ሳትጨርስ ሞተሩን በሩ ላይ ገትሮ ይቆማል። ለዚህ ነው "ንፋሱ" ያሉት። "ንፋሱ መጣ" ሲባል ያልሰማ መስሎ ሳጥኑን ይከፍታል እንጂ ደስታውን አይችለውም። ዕድሜ ልኩን ከቀለም ዱቄት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስም ወጥቶለት ቢኮራ ማን ይፈርድበታል?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሙሽራ ቀሚስ ነው የምትሰፋው፣ እዚያው ቤታቸው፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ውስጥ። ከተጋቡ ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ጠላት ነው ያላት፤ ሞተሩ። ጠዋት ሲወጣ "ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል" ትለዋለች። ማታ ሲገባ "ዛሬም ተረፍክ?" ትለዋለች። "ቆሞ እንኳ ካልደገፉት የሚወድቅ ነገር፣ ሲበር ምን ይዞት ይቆማል ብለህ ነው?" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ጓደኞቹ ፊት ደግሞ "የኔዋ ሴትዮ ሌላ ወሬ የላትም" እያለ ይስቅባታል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና መሀል ሊሾልክ ገባ። አውቶቡሱ ትንሽ ወደ እሱ ዘመም አለ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ከወጣ በኋላ ሲያይ የግራ ስፖኪዮ መስታወቱ የለም። በቃ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ቆዳው አልተላጠ፣ ሱሪው አልተቀደደ፤ የአውቶቡሱ ሾፌርም ያየ አይመስልም። ሞተሩን ዳር አቁሞ ከስፖኪዮው መቆሚያ እጁ እስከሚይዝበት ድረስ በስንዝር ለካ። አንድ ስንዝር አልሞላም። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፈራ። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራ። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ መዳፉ በላብ ይርሳል። ከኋላው ክላክስ በሰማ ቁጥር ነፍሱ ወጥታ ትገባለች። ሞተሩን መተው እንዳለበት ገባው፣ ግን እንዴት ብሎ? ንፋሱ ፈራ ሊባል? ከዚያስ ሞት ይሻላል እንዳይል፣ የፈራው ሞትን ነው።

አስቦ አስቦ መላ አገኘ። ሚስቱ አለች አይደል? እሷ እንደሆነች መጨቃጨቋ አይቀርም። አንድ ጊዜ ብቻ "ተወው" ትበለው እንጂ፣ በረጅሙ ተንፍሶ "እሺ፣ ለአንቺ ስል" ይላል። ጓደኞቹን ደግሞ "ምን ላድርግ፣ ሚስቴ አስተወችኝ" ይላቸዋል። ስሙም ይተርፋል፣ ነፍሱም ይተርፋል። እንዲህ ያለ መላ በመዘየዱ ራሱን አደነቀ።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ቀርቦ ጭቅጭቁን ሲጠብቅ፣ ሚስቱ እጇን አደራርቃ ፊቱ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ወስኛለሁ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሞተሩ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም።"

የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ። "ምነው?"

"በቃ፣ ደከመኝ። እማዬም መክራኛለች። ሰው በጭቅጭቅ አይመለስም፣ እሱ የወደደውን አንቺም ቻይው ብላኛለች።" ከዚያ ከመኝታ ቤት አንድ ጃኬት ይዛ መጣች። ራሷ ነች የሰፋችው። ክርኑና ትከሻው ላይ ስፖንጅ ገብቶበታል፣ ጀርባው ላይ በመብራት የሚያበራ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። "እስቲ ለካው" አለች።

ለካው። በልኩ የተቆረጠ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው። "እንዲያው ምን በወጣሽ" አላት። ከልቡ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያየው ፍዳ ሌላ ነው። ሰውየው የሚስቱን ጭቅጭቅ በሻማ ይፈልግ ጀመር።

"ዛሬ አንድ ሞተረኛ እግሩ ተሰበረ አሉ" ይላታል፣ ምሳ ላይ።

"እግዜር ይማረው" ትላለች፣ የቀሚሱን ጠርዝ በስፒል እየያዘች።

"ዝናቡ መንገዱን ሳሙና አስመስሎታል።"

"ቀስ ብለህ ንዳ።"

"እኔ የምልሽ፣ የሕይወት መድን ልግባ ይሆን?"

"ጥሩ አስበሃል" አለች። ይሄን ጊዜ ሊጮህባት ምንም አልቀረውም። ደግሞም ከፋው። ሰው የሚጨቃጨቀው ለሚወደው ነው፤ ዝም ያለችው ልቧ ቢቆርጥ ነው ብሎ አሰበ። ማታ ሲገባም ያው ናት፤ የስፌት መኪናዋ ይንጫረራል፣ ቀና ብላ እንኳ አታየውም። ድሮም እንዲሁ ነበረች፣ ግን ድሮ ቢያንስ ትሰድበው ነበር።

ሲብስበት ወደ አማቱ ሄደ። ምክሩን የሰጡት እሳቸው ናቸውና ያፈረሱትን እሳቸው ይጠግኑት ብሎ ነው። በራቸው ላይ ሞተሩን አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ነገሩን ከሩቅ ጀመረ።

"እማማ፣ እንዲያው ይሄ ሞተር እርስዎ ሲያዩት አያስፈራም?"

አማቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ሞተሩን አንድ ዙር ዞሩት። መቀመጫውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። እሱ ልቡ በተስፋ ተሞላ።

"ገበያ ታደርሰኛለህ?" አሉት።

"እርስዎ?"

"አዎ፣ እኔ። ልጄ ስትፈራው ዕድሜዋን ጨረሰች፣ እኔ ምን ቀረኝ ብዬ ልፍራ?" ብለው ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ከኋላው ጉብ አሉ። ጎዳናው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ሲሄድ አንድ የብስክሌት ነጂ አለፋቸው። አማቱ ጀርባውን በጡጫ ነካ አደረጉና "ንፋሱ የሚሉህ ለዚህ ነው?" አሉት። ገበያ አድርሶ ሲመለስ ከአማቱም ተስፋ ቆረጠ።

በማግሥቱ ከሥራ ሊወጣ ሲል ካፊያ ጀመረ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ሞተሩን አየው። ቁልፉን አውጥቶ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛም አወጣው። እግሩ ግን ሞተሩን አልሻገር አለ። በመጨረሻ ለጥበቃው አደራ ብሎ፣ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ፣ ተሰልፎ በአውቶቡስ ሄደ።

አውቶቡሱ የሚያቆመው ከቤታቸው ኋላ በኩል ነው። በጓሮ ዞሮ በወጥ ቤቱ በር ገባ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የስፌት መኪናዋ አይሰማም። ወጥታለች ማለት ነው ብሎ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ብቅ ሲል፣ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች። መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ መንገዱን ታያለች። የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የሙሽራዋ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ እንደተጣጠፈ ነው።

ሊጠራት አፉን ሲከፍት ከመንገዱ ጫፍ የሞተር ድምፅ መጣ። የማን እንደሆነ እንጃ። ሚስቱ መጋረጃውን ለቀቀች፣ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፣ ፔዳሉን ረገጠች። የስፌት መኪናው ተንጫረረ። መርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም፤ እንዲሁ ባዶውን ይወጋል። ሞተሩ የቤቱን ፊት አልፎ ሄደ። እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። "እሱ አይደለም" አለች ለራሷ፣ ተነሥታም መስኮቱ ጋ ተመልሳ ቆመች።

ሰውየው በቆመበት ደረቀ። ይህን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ሲገባ የሚቀበለው የስፌት መኪና፣ ለካ የሚነሣው እሱ ሲደርስ ነው። ለካ ከዚያ በፊት ያለው ይሄ ነው፤ መጋረጃና ሁለት ጣት። እሱ የዘገየበትን ማታ ሁሉ አሰበ። ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ይዞ ሲስቅባት ያመሸበትን ማታ ሁሉ አሰበ። በራሱ አፈረ።

ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ዞራ ስታየው ደነገጠች።

"በየት ገባህ? ሞተሩስ? ተበላሸ?"

ተበላሸ ማለት ይችል ነበር። ምላሱ ላይም ደርሶ ነበር።

"ሞተሩ ደህና ነው" አለ። "የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ።" የስፖኪዮውን ነገር፣ የስንዝሩን ነገር፣ እስከ ዛሬዋ ካፊያ ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እንድትከለክለው ሲጠብቅ እንደከረመም ነገራት።

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ዝም ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?" አለችው። "ስጨቀጭቅህ እልህ እየገባህ የባሰ ትፈጥናለህ። ዝም ብልህ ቀስ ትላለህ ብዬ ነው እንጂ፣ ምን የሚያስችለኝ ነገር አገኘሁና ነው?" ከዚያ ቆጣ አለች። "አንተ ደግሞ ልትተወው ኖሮ፣ በእኔ ልታሳብብ! ሚስቴ አስተወችኝ ልትል! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስፈራ አላፈርኩም። አንተ ሁለት ሳምንት ፈርተህ ታፍራለህ?"

"እና አትከለክይኝም?" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

"አልከለክልህም። ብትተወው ደስታዬን አልችለውም። ግን ሰበብህ አልሆንም።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ጠራ። አለቃው ነበር። አለቃው ሲያወራ ስልክ የሚያስፈልገው አይመስልም፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

"ንፋሱ፣ ነገ በጠዋት ባንኩ ጋ ድረስልኝ። ማሽኑ ጭራሽ ሞቷል።"

"እደርሳለሁ። ግን በአውቶቡስ ነው" አለ። "ሞተሩን ትቼዋለሁ፤ ልሸጠው ነው።"

"አሃ" አለ አለቃው። "ሴትዮዋ ናት፣ አይደል? በመጨረሻ አሸነፈችህ በለኛ።"

ሲጓጓለት የከረመው ሰበብ ይኸው እንደ ጉርሻ አፉ ድረስ ቀረበለት። "አዎ" ቢል አለቀ። ሚስቱ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

"የለም" አለ። "እሷ ምንም አላለችኝም። ፈርቼ ነው።"

"ፈርተህ?"

"አዎ፣ ፈርቼ።"

አለቃው ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። አጠገቡ ላሉት "ንፋሱ ፈራ፣ ኑ ስሙ" ሲልም ይሰማል። ከዚያ "በል ነገ እንዳታረፍድ፣ ፈሪ" ብሎ ዘጋው። ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ስልኩን አስቀመጠ።

"ምን አለህ?" አለች ሚስቱ፣ ሁሉንም ሰምታ።

"ፈሪ አለኝ።"

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች።

"ፈሪ ለእናቱ ነው የሚባለው" አለችው። "እናትህ ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የሉም። እንግዲህ ለእኔ ነህ።"