ጋሼ፣ ጠይቄዋለሁ

1.

«ጋሼ፣ ደህና ነው። ጠይቄዋለሁ።»

ይህን ያለው አውግቸው ነው፤ የኮሌጁ ቡድን አምበልና ግራ ክንፍ። ውሸቱን ነው፣ አልጠየቀውም። የዶርም ጓደኛው ተካልኝ በዋንጫው ፍጻሜ ከተጋጣሚ ተከላካይ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወድቆ ተነስቷል፤ ዓይኑ ግን ሰው አይለይም። አሰልጣኙ መምህር ወንድይራድ ተቀያሪ አስነስተው ነበር። አምበላቸውን አመኑና መልሰው አስቀመጡት።

2.

ዋንጫውን በሉ።

ተካልኝ በማግስቱ ሞተ።

3. የኮሌጁ አጣሪ ኮሚቴ ቅጽ

ተጫዋቹ እንዲቀጥል የወሰነው፦ አሰልጣኙ
አምበሉ ለአሰልጣኙ የተናገረው፦ ምንም
ፊርማ፦ አውግቸው

አንባቢ ሆይ፣ ቶሎ አትፍረድበት ብዬ ልለምንህ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ፈራ። በቃ፣ ፈራ።

መምህር ወንድይራድ ተባረሩ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። ፊሽካቸው ለማን ተሰጠ? ለአውግቸው! አሰልጣኝነትን እንዲህ ጀመረ።

4. ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሬዲዮ

ጋዜጠኛ፦ አራተኛ ዋንጫዎ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ኮች፣ ራሱን የተመታ ተጫዋች ካለ ወዲያው ያስወጣሉ። በፍጻሜው እንኳ ምርጥ አጥቂዎን አስወጡ። እያለቀሰ ሲለምንዎት አላዩትም?

አውግቸው፦ አይቻለሁ።

ጋዜጠኛ፦ ይህን ከማን ተማሩት?

አውግቸው፦

ጋዜጠኛ፦ ኮች? ይሰሙኛል?

5.

ዋንጫ በበላ ቁጥር ሜዳልያውን ለተካልኝ እናት፣ ለእማማ ይርገዱ፣ ይወስዳል። እሳቸውም ከልጃቸው ፎቶ ሥር ይሰቅሉና ይመርቁታል። «እንዳንተ ያለ ጓደኛ ለጠላቴም አይጥፋ» ይሉታል። ምርቃቱ ያንገበግበዋል፤ ወጥቶ መኪናው ውስጥ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ።

ዘንድሮ ግን ቆርጦ ሄደ። ሊነግራቸው።

6. ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የእማማ ይርገዱ በረንዳ

እማማ፦ እሰይ፣ የኔ ልጅ! አራት አደረስክልኝ!

አውግቸው፦ እማማ፣ ዛሬ የመጣሁት...

እማማ፦ ቆይ፣ እኔ ልቅደም፤ ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። ያ አሰልጣኝ፣ ወንድይራድ፣ ባለፈው ሳምንት ሞተ።

አውግቸው፦ ሞቱ?

እማማ፦ ከመሞቱ በፊት እዚችው በረንዳ ላይ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «ልጅዎን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሽማግሌ ሰው፣ በምርኩዝ የሚሄድ።

አውግቸው፦ ይቅር አሏቸው?

እማማ፦ ምን ሲደረግ! ልጄን በልተህ ደጄን ትረግጣለህ ብዬ አባረርኩት። አሁን እንቅልፍ አጣሁ። አጠፋሁ ወይ ልጄ? አንተ እዚያ ነበርክ፤ አንተ ንገረኝ።

7.

«እማማ፣» አለ አውግቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ይናገር። በሱ ፈንታ አልናገርም፤ ጥቅሱን ከፍቼ ቦታውን እተውለታለሁ።

8.

«