ዝግባውን ፀሐይ ላይ ያወጣሁ ዕለት

ዛፍ ለሰው ጥላ ሲሆን እንጂ ሰው ለዛፍ ጥላ ሲሆን ያየሁት እኛ ቤት ብቻ ነው። ባሌ አብርሃ የካርታ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ጃፓን ላከው። ሰው ከውጭ ሲመለስ ቴፕ ይዞ ይመጣል፣ ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ የኔው ጉድ መቀስና የመዳብ ሽቦ ይዞ መጣ። ቦንሳይ ይባላል፣ ዛፍን በሳህን ላይ ማሳደግ ነው አለኝ። ፍሬ አለው ወይ አልኩት፤ የለውም። እሺ እንጨቱስ ለምን ይሆናል አልኩት፤ ሳቀብኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ዛፎቹ ጠይቄው አላውቅም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነው፣ ከኡራኤል ብዙም አይርቅም። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ግቢው ከነፈትያ ጋር የጋራ ነው። ፈትያ የስልጤ ልጅ ናት፣ ባሏ መርካቶ ሱቅ አለው፤ እህት ብትኖረኝ ከሷ አትበልጥብኝም። አብርሃ በዚያች ጠባብ ግቢ ሰባት ድንክ ዛፍ አሳደገ። የሁሉም ታላቅ ዝግባው ነው። ከመናገሻ ጫካ ጣት የምታህል ችግኝ ሆኖ የመጣ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሮ ቁመቱ ከክንዴ የማይበልጥ፤ ግንዱን ብቻ ላየው ግን ያረጀ የደብር ዛፍ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ሰው፣ አቶ አብርሃ ዛፎቹን ምግብ ይከለክሏቸዋል እንዴ እያለ ያሾፍብን ነበር።

ዕድሜውን የጨረሰው ፀሐይ እንዳታገኛቸው ሲያዟዙራቸው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች ብሎ ከግንቡ ሥር ይደረድራቸዋል። በሚያዝያ አናት ላይ ቆመች ብሎ ሰሌን ይዘረጋላቸዋል። ማዶ ያ የመስታወት ሕንፃ ሲቆም ደግሞ፣ አሁንስ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በምዕራብም ትወጣ ጀመር ብሎ፣ ጆንያ ቀዶ መጋረጃ ሰፋላቸው። እኔ ለመኝታ ቤቱ መጋረጃ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ የሚያደርገውን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ያ ሰሞን ዓመት በዓል ነው፣ እኔ ቤት ሳጸዳ ቀና አልልም።

በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ እዚያው ተደፋ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ያ ሁሉ ጨዋታው፣ ከኔ ጋር ሲነታረክበት የኖረው አፉ፣ ከማቃሰት በቀር ምንም አልቀረውም። የቀረችለት ግራ እጁ ናት። በሷ የአልጋውን ብረት ይመታል፤ አንዴ ሲመታ ውኃ፣ ሁለቴ ሲመታ አገላብጪኝ ማለቱ ነው። ሌላ ነገር ካማረው በዓይኑ ያሳየኛል፣ እኔ እየዞርኩ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ተስፋ ከቆረጠ አይነሳም፣ የሚወደውን ነገር አታርቁበት አለኝ። እኔን ይወደኝ እንደሆነ በሠላሳ ዓመት አልነገረኝም። ዝግባውን እንደሚወድ ግን ካዛንቺስ በሙሉ ያውቃል።

ታዲዎስ የሚባል የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ አለ፤ የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ ቦንሳይን ከአብርሃ ነው የተማረው። መውደቁን ሲሰማ ታክሲ ይዞ መጣ። እስኪሻላቸው ዛፎቹን ችግኝ ጣቢያ ላቆያቸው ብሎ ስድስቱን ጫነ። ዝግባውን ሊያነሳ ሲል አብርሃ የአልጋውን ብረት ይደበድብ ጀመር። ተውለት አልኩት። በረዶ እንዳይመታው ብለን ወደ ውስጥ አስገባነውና ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ታዲዎስ ከመስቀል በኋላ እመለሳለሁ አለኝ። ስለ አያያዙ ሊነግረኝ ጀምሮ ተወውና፣ ለነገሩ እርስዎ ያውቁታል፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አላውቅም ማለት እንዴት ይከብዳል። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩ ሴት፣ ስለ ዛፉ ምንም አላውቅም ብል ምን ይለኛል? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ፤ እኔን ኩራቴ አነቀኝ።

ያ ክረምት አላልቅ አለ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም፤ እሱስ መች ይናገርና። ቀን ቀን አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ የዛፉን አፈር በጣቴ ነክቼ ከደረቀ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። ጠረጴዛውን ጠጋ ሳደርግለት በግራ እጁ ቅጠሎቹን ይደባብሳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝግባው አዲስ ቅጠል አወጣ። ከወትሮው የረዘመ፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የለሰለሰ። አብርሃ ጤነኛ ሳለ እንደሚያደርገው አንዱን ቀንበጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀጨው። ሲቀጨው ባልተያዘው የከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ይነሳል አልኩ። ተነስቶ ይጨቀጭቀኛል አልኩ።

ሁለት ሺህ ገባ። ከተማው ሚሌኒየም ሚሌኒየም እያለ ሲጨፍር ሰነበተ። ከእንቁጣጣሽ በአምስተኛው ቀን ደመናው ተገፎ ያ የመስከረም ፀሐይ ወጣ። መቼም ያን ቀን የማያውቅ የለም፤ ሦስት ወር ሲሻግት የከረመ ነገር ሁሉ ይወጣል። እኔ ፍራሹን፣ ትራሱን፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያለውን ልብስ አውጥቼ ግቢውን ሞላሁት። ፈትያ የልጅ ልጇን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ታሞቃለች። እሳቸውንስ ለምን አናወጣቸውም፣ ሕመምተኛን ፀሐይ ሲያገኘው ደሙ ይንቀሳቀሳል አለችኝ። ለሁለት ብብቱን ይዘን ሞከርን። ከበደን፣ እሱም አቃሰተ፣ መልሰን አስተኛነው።

ያኔ ነው ዝግባው ትዝ ያለኝ። እሱን ማውጣት ካልቻልኩ ቢያንስ ዛፉ ፀሐይ ይሙቅለት አልኩ። ሁለት ወር ጨለማ ቤት የከረመ፣ ቅጠሉ የነጣ ነገር፣ እንዴት ፀሐይ አይናፍቀው? ይዤው ወጣሁ። ቅጠሉን በውኃ አጠብኩት። አብርሃ ተኝቶ እንዲያየው ብዬ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው በርሚል ላይ፣ ከቆርቆሮ ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ማዶ ያለው ሕንፃም በመስታወቱ ፀሐይዋን እየመለሰ ያበራበታል። አቤት ሲያምር፤ ፈትያን ጠርቼ አሳየኋት።

አብርሃ መምታት ጀመረ። ገብቼ ውኃ ሰጠሁት፣ ከንፈሩን ገጠመ። አገላበጥኩት፣ መታ። የሽንት ዕቃውን አመጣሁ፣ እሱም አይደለም። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው። አሃ፣ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው አልኩና ነጠላዬን መስኮቱ ላይ አንጠልጥዬ ጋረድኩለት። ይባስ ብሎ ደበደበው። ከጉሮሮው የሚወጣውን ድምፅ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። እንባው ወረደ። ዓመት በዓል ነው፣ ሆድ ብሶት ነው ብዬ መጀመሪያ አብሬው አለቀስኩ። እሱ ግን አላቆመም፤ እስከ ስድስት ሰዓት መታ። የጣቱ ቆዳ ተላጠ።

እኔም ሰው ነኝ። ሁለት ወር እንቅልፍ የለኝ፣ ደሜ ፈላ። ምን አድርጊ ነው የምትለኝ፣ በቃህ ብዬ ጮህኩበት። እጁን ይዤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩና ዳርና ዳሩን ከፍራሹ ሥር ወትፌ አጠበቅኩት። እጁን ሊያወጣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሲታገል አየሁት። አቅም የለውም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ረመዳን ስለነበር ፈትያ ለማፍጠሪያዋ ሾርባ ምስር ትለቅማለች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ዋልኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ገብቼ እጁን አወጣሁለት። አልመታም። ወጣለት፣ ተረጋጋ ብዬ ደስ አለኝ። ዝግባውን ላስገባ ስል ሳህኑ እጄን ፈጀኝ። ቅጠሎቹ ጠውልገዋል፤ ውኃ ጠምቶት ነው ብዬ አጠጣ አጠጣ አደረግሁት። ጠረጴዛው ላይ መልሼ ሳስቀምጠው አብርሃ ዞሮ አላየውም።

በሳምንቱ ቅጠሉ እንደ ገለባ ነጣ፣ ጫፍ ጫፉ ጠቆረ። ለመስቀል መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት አብርሃ ሳይነቃ የረገፈውን ከጠረጴዛው ላይ እለቅማለሁ። ለፈትያ ብነግራት ዓይን ነው፣ ሰው አይቶብሽ ነው አለችኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ጠበል ረጨሁበት።

ታዲዎስ መስከረም ሃያ ሁለት መጣ። ገና በር ላይ ሆኖ ዛፉን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ወደ ግቢ ይዞት ወጣና ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከሥሩ አረንጓዴ መሆን ነበረበት፤ ቡናማ ነው፣ የማገዶ እንጨት። ፀሐይ አይቷል ወይ አለኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ እዚህ በርሚል ላይ አልኩት። በርሚሉን አየ፣ ሕንፃውን አየ። ከደመና ሥር የከረመ ቅጠል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አይወጣም አለኝ፤ ጋሼ ከጳጉሜ ጀምረው ሰሌን እየሸፈኑ፣ ዛሬ ሩብ ሰዓት ነገ ግማሽ ሰዓት እያሉ እስከ ጥቅምት ነው የሚያለማምዱት። ይኼ ደግሞ ጨለማ ቤት የከረመ ነው፣ ቆርቆሮው ሥሩን ቀቅሎታል አለ። ሠላሳ ዓመት ዓይኔ ሥር ሲደረግ የኖረውን ነገር ሰው ይነግረኛል። ለምን ያኔ አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ታዲዎስ ግን ቀደመኝ።

“ጋሼ አላዩትም ነበር?” አለኝ። “ቢያዩትማ ዝም አይሉም ነበር።”

በርሚሉን ይዤ ቆምኩ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት። ሰውየው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አስገቢው፣ አስገቢው፣ አስገቢው ሲለኝ ነበር። እኔ ምላሱን ይዤ ብርድ ልብስ ውስጥ ቋጠርኩት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ እስቅ ነበር፤ ሴትየዋ እኔ ነኝ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ያውቃል።

“አብርሃ፣ አልገባኝም ነበር። ዛፉን ማለትህ መሆኑ አልገባኝም። ይቅር በለኝ።”

እጁን አንስቼ ብረቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ምታው፣ ተቆጣኝ አልኩት። እጁ ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ታዲዎስ ከስድስቱ መሐል ጥዱን መልሶ አመጣለት፤ አላየውም። ሌላውን አመጣለት፣ እሱንም አላየውም። ሐኪሙ መጥቶ አየውና ልብሱን አስተካክሎለት ወጣ፤ ያስጠነቀቀኝ ነገር መድረሱን ሁለታችንም አውቀናል። ጥዱን ግን በታኅሣሥ ከግንቡ ሥር አደረግሁት፣ በሚያዝያ ሰሌን ዘረጋሁለት። አሁን ሁሉን አውቃለሁ፤ የሚያይልኝ ሰው ነው የጠፋው።

አብርሃ እስከ ግንቦት ቆየ። በነዚያ ስምንት ወራት አንድ ቀን አልጋውን አልመታም። ለመገላበጥ አልመታም፣ ለሽንት አልመታም። እጁ ደክሞ ነው እንዳልል፣ ዝንብ ሲያርፍበት ያባርርበታል። ውኃ እንደጠማው የማውቀው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳየው ብቻ ነበር።