የቆንጅት እንሰት

ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥበቡ ከነሥሩ የተነቀለውን እንሰት ከጎረቤቱ ከሙሌ ጋር ተሸክሞ የአርሶ አደሮች ትርዒት የሚካሄድበት የኮንጋ ሜዳ ደረሰ። እንሰቱን የተከለችው ሚስቱ ቆንጅት ናት። ከሞተች አምስተኛ ወሯ ነው። አምና በዚሁ ሜዳ የሰው እንሰት ሲሸለም አይታ፣ «ለከርሞ የኔን እናመጣለን» ብላው ነበር። ለዚያ ቃል ሲል መጣ እንጂ ሰው መሐል የሚቆምበት አንጀት አልነበረውም።

ዳኞቹ የተቀመጡበት ድንኳን የእድሩ ነው፤ በሰኔ እሱ ደጅ ተተክሎ የነበረው። ጥበቡ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

«ፊትህን ትንሽ ፍታው እንጂ» አለው ሙሌ። «ዳኞቹ ለለቅሶ የመጣህ ይመስላቸዋል።»

«ተወኝ ባክህ።»

ከጎናቸው የቆመችው ስመኝ ከኢዲዶ እንሰት ይዛ መጥታለች። ጥበቡ ወገቡ ላይ የሰካውን ቢላ አየች። «ወንድሜ፣ ቢላህን አንዴ አውሰኝ» አለችው። «ይቺ ቅጠል ቢጫ ሆና አሳፈረችኝ፤ ዳኛ ሳያያት ልቁረጣት።»

ሰጣት። ቆረጠችና ቢላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «እጅህ ይባረክ» ብላ መለሰችለት።

የቆንጅት እንሰት ሁለተኛ ወጣ። ጥበቡ አካፋ ተሸለመ፤ ሰው አጨበጨበለት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሌም ቀልዱን ተወ።

ቤት ሲደርስ መግባት አስጠላው። ሽልማቱን የሚያሳያት የለችም። ስለዚህ ጓሮ ዞረና፣ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ታደርግ እንደነበረው፣ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል በዚያው ቢላ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ይቆርጥ ጀመር። እስኪመሽ ቆረጠ። ከሰኔ ወዲህ ልቡ ትንሽ ያረፈው ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ የቆንጅት ታናሽ እህት ሰላማዊት ልትጠይቀው መጣች። የጸዳውን ጓሮ አይታ ደስ አላት። ከዚያ ቢላውን ከግንድ ላይ ተሰክቶ አየችው።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ትርዒቱ ላይ ይዘውት ሄደው ነበር?»

«አዎ።»

«ሰው ነክቶታል?»

«አንዲት ሴት ቅጠል ቆርጣበታለች። ቢጫ ቅጠል።»

ሰላማዊት ወደ ቢላው ቀረበች። የእንሰት አጠውልግ፣ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ የሚገድለው በሽታ፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው በቢላ እንደሚሄድ በዚያ አገር የማያውቅ ሰው የለም። ሰው ተውሶት የመጣ ቢላ እሳት ላይ ሳይገላበጥ እንሰት አይነካበትም።

«እሳት አስነክተውታል አይደል?»

ጥበቡ ቢላውን ነቅሎ ስለቱን ትክ ብሎ አየው።

«እሷ ነበረች ቢላውን በር ላይ ተቀብላኝ እሳት የምታስነካው» አለ። «እኔ አስነክቼ አላውቅም።»

በመጋቢት የእንሰቶቹ መሐል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። ጥበቡና ሙሌ ሁሉንም ነቅለው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ጓሮው አሁን ቦሎቄ ተዘርቶበታል።